ከፀጉር ሥር ያለ ስፌት

እናቴ የራስ ቅሏ ተከፍቶ እንደታከመች የሰማ ጠያቂ ሁሉ የሚጓጓው ስለ መክፈቱ ነው። «በመጋዝ ነው አሉ?» ይላል፣ እሷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አዎ፣ በመጋዝ ነው። እኔን ግን እስካሁን የሚያስደንቀኝ አዘጋጉ ነው።

የተገኘባት ዕጢ ሜኒንጂዮማ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣለት አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ሃርቪ ኩሺንግ ነው። የሚበቅለው ከአንጎሉ ሳይሆን አንጎሉን ከጠቀለሉት ሽፋኖች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል እንጂ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዛመትም። የእናቴ በስተቀኝ፣ ከግንባሯ ከፍ ብሎ፣ ከቅሉ ሥር ተለጥፎ አንጎሉን ይገፋው ነበር። ሐኪሞቹ «ቦታው ደህና ነው» አሉን። አስታማሚ እንዲህ ያለውን ቃል እንዴት ይዞ እንደሚያድር እነሱም ያውቁታል መሰለኝ፣ ደጋግመው ነገሩን።

ኦፕራሲዮኑ ሊደረግ ሲል ሐኪሙ የላቦራቶሪ ወረቀት ገልብጦ ሳለልን። መጀመሪያ ቅሉ ላይ ጥቂት ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ከዚያ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው፣ በአጥንቱና ዱራ በሚባለው ጠንካራ ሽፋን መካከል፣ ሸካራ የብረት ሽቦ ይሾልካል። መጋዝ የተባለው ይሄ ነው። ሌኦናርዶ ጂግሊ የሚባል ጣሊያናዊ የማህፀን ሐኪም ይህን ሽቦ የሠራው ምጥ ለጠናባት እናት የዳሌ አጥንት መቁረጫ እንዲሆን ነበር፤ ወደ ጭንቅላት የተሻገረው ኋላ ነው። ዛሬ ይህንኑ ሥራ በሞተር የሚሠራ መቁረጫ አለ፤ ሞተሩ በሌለበት ግን ሽቦው አሁንም እንጀራውን ይበላል። ሁለቱ ጫፎች በመያዣ ተይዘው ወዲያና ወዲህ ሲሳቡ አጥንቱ የሚቆረጠው ከሥር ወደ ላይ ነው፤ ስለቱ ሁልጊዜ ከአንጎሉ ይሸሻል።

ሐኪሙ የመቁረጫውን መስመር ከሳለ በኋላ ቀጥ ስላለበት ሰረዘውና አዘንብሎ ደገመው። ነገሩ ያለው እዚያ ማዘንበል ላይ ነው። ጠርዙ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ እንዲል ተደርጎ በሰያፍ ከተቆረጠ፣ አጥንቱ ሲመለስ እንደ ድስት ክዳን ከንፈሩ ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰምጥም። ሲከፍት ስለ መዝጋት ያሰበ ሰው ሥራ ነው።

የተቆረጠ አጥንት ይደማል፤ እንደ ሥጋ በክር አይታሰርም። መላው የንብ ሰም ነው። እንግሊዛዊው ቪክቶር ሆርስሊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስተዋወቀው ዘዴ ሲሆን፣ ለስለስ ያለ ሰም በጣት ተጭኖ የአጥንቱን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል።

ዕጢው የተጣበቀበት ዱራ አብሮ ተቆርጦ ስለሚወጣ ክፍተት ይቀራል። እራፊው የተገኘው ከራሷ ነው። ከራስ ቆዳ በታች አጥንቱን የለበሰ ስስ ሽፋን አለ፤ እሱ ተልጦ፣ በልኩ ተቀድዶ፣ ክፍተቱ ላይ ይጣፋል። ጥልፉ ውሃ ማሳለፍ የለበትም፤ አንጎሉን የከበበው ፈሳሽ ከሾለከ ቁስሉ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ለኢንፌክሽንም በር ይከፈታል። የዱራው ዙሪያ ደግሞ ከአጥንቱ ጠርዝ ጋር በክር ይያያዛል፣ በመካከል ደም የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ እንዳይኖር። አጥንቱ ይመለስና ይታሰራል። ቀጥሎ ከቆዳው ሥር ያለው ጋሊያ የተባለው ጠንካራ ሽፋን ይሰፋል፤ የቁስሉን ውጥረት የሚሸከመው ይህ ስፌት ነው። ከላይ የሚታየው ክር የቆዳውን ከንፈሮች ከማገናኘት ያለፈ ሥራ የለውም። ጠያቂ ቁስሏን አይቶ «እንዴት አድርገው ሰፏት!» ሲል የሚያደንቀው ቀላሉን ክፍል ነው።

የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከኖርዌይ በርገን በመጡ ባልደረቦች እገዛ። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የእኛን ሐኪም እጅ ሳይ ይሄ ትዝ ይለኛል።

ሌላዋ ባለሙያ የሌሊቷ ሲስተር ናት። ንቃትን የምትለካበት መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ውስጥ የወጣ ነው፤ ዓይን መግለጥ፣ መናገርና መንቀሳቀስ ተደምረው ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣሉ። ቁጥሩን ማንም መጻፍ ይችላል፤ አወሳሰዱ ነው ጥበቡ። ባትሪውን ከጎን አምጥታ ወደ ብሌኑ ታሻግረዋለች እንጂ ፊት ለፊት አታበራም። «እማማ፣ የት ነው ያሉት?» ብላ ከጠየቀች በሚቀጥለው ዙር ጥያቄውን ትለውጣለች፤ በሽተኛ መልስ ይሸመድዳልና። እናቴ አንዴ ገና ሳትጠየቅ «ሆስፒታል!» ብትል፣ «እሱን አልጠየቅኩዎትም፤ ልጆችዎ ስንት ናቸው?» አለቻት። ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ ሁለቱን እጆቿን እንድትዘረጋም ታዛታለች። ግራው ቀስ እያለ ይወርዳል። ሲስተሯ ሳትነካው ጣቷን ከሥሩ ትይዝና ምን ያህል እንደወረደ ታያለች። ዕጢው በቀኝ ሆኖ የሚደክመው የግራ እጅ መሆኑን ያስረዳችን እሷ ናት።

አክስቴ ጠበል ይዛ መጥታ ጭንቅላቷ ላይ ካላፈሰስኩ ስትልም ሲስተሯ አልተከራከረችም። «ስፌቱ እስኪወጣ ራሳቸውን ውሃ አይንካው፤ ይጠጡት፣ እጃቸውንም ይቀቡት» ብላ አስማማቻት። ለአንጎሉ እብጠት ለእናቴ የተሰጣት ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት እንቅልፍ ነስቶ ያስርባል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ፍርፍር ስትጠይቀን ግራ የተጋባነው ይህን እስክናውቅ ነው። በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፣ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ቤት ከገባች በኋላ ለግራ እጇ ያገኘነው ሥራ ምስር መልቀም ነበር፤ ጠጠሩን በግራ ብቻ።

ፀጉሯን ሙሉ በሙሉ አልላጯትም። ሐኪሙ ቅዱን ከፀጉሯ መብቀያ ወደ ኋላ አድርጎ በአውራ ጣት ስፋት ብቻ ላጭቶ፣ የቀረውን አበጥሮ ወደ ጎን አሳስሮት ነበር። ቁስሉ ድኖ ፈቃድ ሲገኝ እህቴ ሹሩባ ልትሠራት ተቀመጠች። ሹሩባ ቆዳ ይስባል፤ ስለዚህ ጠባሳው አጠገብ ስትደርስ ጉንጉኑን ከሥሩ ሳታጠብቅ ጀመረች፣ መስመሩንም ወደ ጆሮ አዙራ አሳለፈችው። እናቴ በመስታወት አየችው፣ በጣቷ ዳበሰችው። «ይሄኛው ላልቷል፤ ፍቺና ድገሚው» አለች። እህቴ አልፈታውም ብላ ማበጠሪያውን አስቀመጠች፤ እስከ ማታም በዚሁ ሲጨቃጨቁ ዋሉ።