ደካማ እግር የሌለው አማካይ

ተከላካዮች ገና በልጅነታቸው የሚማሩት አንድ ብልሃት አለ፤ ኳስ የያዘውን ሰው ወደ ደካማ እግሩ መግፋት። ቀኝ እግረኛ ከሆነ ወደ ግራው ታስወጣዋለህ፣ ግራኝ ከሆነ ወደ ቀኙ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ይቀልልሃል። ሳንቲ ካዞርላ ላይ ግን ይህ ብልሃት አይሠራም ነበር። ወዴት ትገፋዋለህ? ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ68 ሴንቲ ሜትር የማያልፈው ይህ የስፔኗ አስቱሪያስ ልጅ የማዕዘን ምት በቀኙም በግራውም ይመታል፤ ረጅም ኳስ በሁለቱም ይልካል፤ ግብም በሁለቱም ያስቆጥራል። እሱ ለአርሰናል በሚጫወትበት ዘመን ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው «ዋናው እግሩ የትኛው ነው?» የሚለውን ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። እስከ ዛሬ የተረታ ወገን የለም።

ጥበቡ የሚጀምረው ግን ከምቱ በፊት ነው። ኳስ ገና ከጓደኛው እግር ሳትነሳ ካዞርላ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ትከሻው በኩል ዘወር ብሎ ኋላውን ያያል። ኳሷ ስትደርስ ደረቱን ገትሮ አይጠብቃትም፤ ወገቡን ገርበብ አድርጎ ከተጋጣሚው ራቅ ባለው እግሩ፣ በገላው ፊት አሳልፎ ይቀበላታል። ያቺ የመጀመሪያ ንክኪ ኳስ ማቆሚያ ሳትሆን መዞሪያ ናት። ብዙው አማካይ ይቀበላል፣ ያስተካክላል፣ ከዚያ ያቀብላል። «ያስተካክላል» የምንለው ኳሷን ወደሚያምነው እግሩ ሲያዛውራት የሚያጠፋትን ቅጽበት ነው፤ ተጋጣሚም የሚደርስበት በእሷ ነው። ካዞርላ ዘንድ ያቺ ቅጽበት የለችም። ሸማኔ መወርወሪያውን በቀኙ ልኮ በግራው ይቀበላል፣ ከግራው መልሶ ይልካል፤ የትኛው እጅህ ይበልጣል ብትለው ጥያቄህ ራሱ ግራ ይገባዋል። ካዞርላም ኳስን የሚያየው እንደዚያ ነበር።

ፈጣን አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ይህን ሙያ በአንድ ጨዋታ ማየት ለሚፈልግ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2015 ኢትሃድ ስታዲየም ላይ የተደረገውን እመርጥለታለሁ። አርሰናል ማንቸስተር ሲቲን 2 ለ 0 ረታ። የመጀመሪያዋን ግብ ካዞርላ በፍፁም ቅጣት ምት አስቆጠረ፤ ሁለተኛዋን ኦሊቪዬ ዢሩ በጭንቅላት ሲያስቆጥር ቅጣት ምቱን ያሻገረለት እሱው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን በሁለቱ ግቦች መካከል ያለው ጊዜ ነው። ሲቲዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ ከበቡት፤ እሱም በመካከላቸው ባለችው ጠባብ ቦታ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየነካ ሾልኮ ይወጣል። እኛ አገር አብዶ የሚባለውን ሁሉ ሲሠራ ተመልካች እንዲያጨበጭብለት አልነበረም፤ ቀጣዩ ቅብብል የሚያልፍበትን መንገድ ለመክፈት ብቻ ነበር።

ከዚያ በፊት በሜይ 2014 በኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ አርሰናል በሃል ሲቲ ገና በ8ኛው ደቂቃ 2 ለ 0 ተመርቶ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ዋንጫ ያላነሳ ቡድን ነው፤ የደጋፊውን ጭንቀት መናገር አያስፈልግም። በ17ኛው ደቂቃ ካዞርላ ቅጣት ምቱን በቀኙ መታ፤ ኳሷ ከግድግዳው በላይ ታጥፋ መረቡ ላይ አረፈች። ጨዋታው በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አለቀ። ታሪክ የሚያስታውሰው የአሮን ራምዚን ማሸነፊያ ግብ ነው፤ የቀን ጎዶሎ መስሎ የጀመረውን ከሰዓት ያዳነችው ግን ያቺ ቅጣት ምት ናት።

ጉዳቱ በአንድ ቀን አልመጣም። ካዞርላ ራሱ መነሻውን እ.ኤ.አ. በ2013 ስፔን ከቺሊ ባደረገችው የወዳጅነት ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ካረፈች ምት ይቆጥራል። ሕመሙን እየቻለ ዓመታት ተጫወተ፤ በመካከሉ የጉልበት ጉዳትም ተጨመረበት። ኦክቶበር 19 ቀን 2016 አርሰናል ሉዶጎሬትስን 6 ለ 0 ባሸነፈበት የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ተቀይሮ ወጣ፤ ዳግመኛም ለአርሰናል በውድድር ጨዋታ አልተሰለፈም። ቀዶ ሕክምናው ተደጋገመ፤ ቁስሉ አልሽር አለ፤ ተሰፍቶ ይከፈታል። ከልጅህ ጋር በግቢ ውስጥ መራመድ ከቻልክ ተመስገን በል እንደተባለ በኋላ ተናግሯል።

በ2017 በስፔኗ ቪቶሪያ ከተማ ሐኪሙ ሚኬል ሳንቼዝ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን ሲከፍቱ ባክቴሪያው 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተረከዝ ጅማት በልቶ፣ የተረከዙንም አጥንት ጎድቶ አገኙት። አኪሊስ የሚባለው ይህ ጅማት በአዋቂ ሰው ላይ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል ማለት ነው። የተበላውን ጅማት እንደገና መሥራት አንድ ሙያ ነው። የላዩን ቆዳ መሸፈን ደግሞ ሌላ፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ተርፎ የሚሳብ ቆዳ የለምና ከግራ ክንዱ ተቆርጦ ተለጠፈለት። ክንዱ ላይ የልጁ ስም ተነቅሶ ስለነበር ከፊሉ ስም ወደ እግሩ ወረደ። ፎቶግራፉን ያየ ሰው የጥገናውን መስመር በዓይኑ መከተል ይችላል፤ የት ተቆርጦ የት እንደተሰፋ ፊደላቱ ይናገራሉ።

«ሁለቱም እግሩ አንድ ስለሆነ ቀኙ ቢጎዳ በግራው ይጫወታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በግራ እግርህ ስትመታ መላ ገላህን የተሸከመው ቀኙ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ሚዛን ይጠብቃል፣ ተረከዙ መሬቱን ይገፋል፣ ጅማቱ ያን ግፊት ያስተላልፋል። አንድ እግሩን ብቻ የሚያምን ተጫዋች አንድ መምቻና አንድ መቆሚያ አለው። ካዞርላ ግን ሁለቱንም ለሁለቱም ሥራ ያውል ነበር፤ ስለዚህ ያ ጅማት ሲበላ የቀኙ ምት ብቻ ሳይሆን የግራውም መሠረት አብሮ ተናጋ። ሲመለስ እንደ ድሮው በሁለቱም እግሩ መጫወት መቻሉን ከምንም በላይ የማደንቀው ለዚህ ነው።

የአካል ማገገሚያውን ሳላማንካ ከተማ ውስጥ ሠራ። ጁላይ 17 ቀን 2018 ለቀድሞ ክለቡ ለቪያሪያል ተሰልፎ ከሄርኩለስ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ከ636 ቀናት በኋላ ሜዳ ረገጠ። ቪያሪያል ሲያስፈርመው በአስማተኛ ትርኢት፣ ከጭስ ውስጥ ብቅ አድርጎ ለደጋፊው አሳየው። እንደኔ ትርኢቱ ትንሽ በዝቷል፤ ለመመለሱ አስማት የሚባል ነገር አላስፈለገውም።

በ33 ዓመቱ የተመለሰው ካዞርላ ኳስ ይዞ የሚሮጥባት ርቀት አጥራለች። ድሮ በሦስት ንክኪ የሚያደርገውን በሁለት፣ በሁለት የሚያደርገውን በአንድ መጨረስ ጀመረ። ተጋጣሚ ሳይደርስበት ኳሷ ከእሱ ዘንድ ሄዳለች፤ ርግጫም ግፊያም ቀነሰለት። ቀድሞም ዞር ዞር ማለት ልማዱ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከማንም ቀድሞ ያያል። በፍጥነቱ የሚተማመን ተጫዋች እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስበት ዋና መሣሪያውን ይነጠቃል። ካዞርላ በዚያ በኩል የሚነጠቀው ብዙ ነገር አልነበረውም። ወገቡን የሚከፍትበት መንገድ፣ የመጀመሪያዋ ንክኪ፣ የቅብብሉ ክብደት፤ ቁርጭምጭሚቱ ከቻለለት እነዚህ ሁሉ እንደነበሩ ነበሩ።

በጃንዋሪ 2019 ሪያል ማድሪድ ወደ ቪያሪያል መጣ። በ4ኛው ደቂቃ ካዞርላ አስቆጠረ። ማድሪድ በቤንዜማና በቫራን ግቦች መራ። በ82ኛው ደቂቃ ደግሞ ኳስ ወደ ሁለተኛው ቋሚ ስትሻገር ከሁሉም የሚያጥረው ሰው በቴስታ አስቆጥሮ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። ያን ዓመት ቪያሪያል ከመውረድ ለጥቂት ተርፎ 14ኛ ሆነ፤ በተከታዩ የውድድር ዘመን ደግሞ 5ኛ ወጣ። በጁን 2019 ከፋሮ ደሴቶች ጋር በነበረው ጨዋታ የስፔንን ማልያ ከ2015 በኋላ እንደገና ለበሰ። የ2008ና የ2012 የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊ ነው፤ ይህ ግን ከሁለቱ የተለየ ነበር።

ከዚያ በኋላ በኳታር ለአል ሳድ ተጫወተ። በ2023 ደግሞ በልጅነቱ ያሠለጠነው ሪያል ኦቪዬዶ ተቀበለው፤ ደመወዙ ሊጉ ከሚፈቅደው ዝቅተኛው ነበር። በ2012 ክለቡ በዕዳ ሊዘጋ ሲል አክሲዮን ገዝተው ከረዱት ተጫዋቾች አንዱ እሱ ነው። ጁን 21 ቀን 2025 በ40 ዓመቱ ሚራንዴስ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት አስቆጠረ፤ ኦቪዬዶም በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 1 አሸንፎ ከ24 ዓመት በኋላ ወደ ላሊጋ ተመለሰ።

የኦቪዬዶ ጨዋታዎቹን የሚያገኝ ወጣት አማካይ ግቦቹን ለጊዜው ይተዋቸውና አንድ ነገር ብቻ ይከታተል፤ ካዞርላ በግራው ሲያቀብል ቀኙን የት ላይ እንደሚተክል። ኳሷ የምትሄድበትን አቅጣጫ ቀድማ የምትናገረው ያቺ የተጠገነች ተረከዝ ናት፤ ተጋጣሚው ደግሞ የሚያየው የሚመታውን እግር ነው።