«ሥራልኝ» እና «አስረዳኝ»

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ የእህቴ ልጅ መጣ። ልጁ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ እኔ ቤት ብቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ ለራት ነው። ያን ዕለት ግን ራቱን እንኳ በወጉ ሳይበላ አራት ገጽ ወርክሺት ከቦርሳው አወጣ።

«ጋሼ፣ አንተ ድሮ ፊዚክስ ተምረሃል አይደል? ሰኞ ጠዋት የሚገባ አሳይመንት ነው። እስቲ እነዚህን ሥራልኝ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ፊዚክስ የሚጠይቀኝ ሰው ተገኘ! መነጽሬን አድርጌ፣ እርሳሴን ቀርጬ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አሥሩንም ጥያቄ ሠራሁለት። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፤ አልፎ አልፎ «ጋሼ፣ አንደኛ ነህ እኮ!» ይለኛል። እኔም ልቤ አበጠ። በሳምንቱ ደውሎ «10 ከ10!» ሲለኝ ምሳ ጋበዝኩት። ማን ማንን መጋበዝ እንደነበረበት ያሰብኩት በኋላ ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ የታወቀው የተዳፋት ጥያቄ ነበር። በ30 ዲግሪ ባዘነበለ ጣውላ ላይ አንድ ዕቃ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ የሰበቃው ኮኤፊሸንት 0.2 ነው፤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በምን ያህል ይጨምራል? መልሱ በሰከንድ 3.2 ሜትር ገደማ ነው። ሚድ ፈተና ላይ መምህሩ ያንኑ ጣውላ፣ ያንኑ 30 ዲግሪ፣ ያንኑ 0.2 አመጡ። የለወጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃው ወደ ላይ ተወረወረ። ወደ ላይ ለሚሄድ ዕቃ ስበቱም ሰበቃውም ቁልቁል ይጎትቱታል፤ ሁለቱ አብረውበት በየሰከንዱ የሚያጣው ፍጥነት 6.6 ይሆናል። የእኛ ልጅ ምን ጻፈ? 3.2! የእኔን መልስ፣ በእኔ አሠራር፣ አንዲት መስመር ሳያዛንፍ። ከ30 ስድስት አገኘ። በሴሚስተሩ መጨረሻም ዋርኒንግ ይዞ መጣ።

እህቴ እስከ ዛሬ መምህሩን ትረግማለች። እኔ ግን ልጁን ለዋርኒንግ ያበቃው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔው ነኝ፤ በገዛ እርሳሴ።

ነገሩ የእኔና የእህቴ ልጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባቢን ባላደከምኩ። ግን እስቲ ዙሪያችንን እንይ። በእኛ ጊዜ የሀሊደይና ሬስኒክ መጽሐፍ መልስ በእጅ ተጽፎ ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ይወርድ ነበር፤ አራተኛው ገልባጭ ዘንድ ሲደርስ ፕላሱ ማይነስ ሆኖ ነው። ቀጥሎ ሶሉሽን ማንዋሉ ራሱ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። «አንድ ለአምስት» በነበረ ጊዜ ደግሞ ጎበዙ ሰነፉን ይደግፋል ተባለ፤ በብዙ ቦታ የሆነው ግን አንዱ ሠርቶ አምስቱ ስም መጻፍ ነው። ዛሬ ጥያቄውን በስልክ ፎቶ ያነሱታል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ እስከ ነጥቡ ሠርቶ ያወርድላቸዋል። መሣሪያው ተለዋወጠ እንጂ ልመናው ያው ነው፤ «ሥራልኝ»።

የዚህ ሁሉ ሒሳብ አንድ ቀን ይወራረዳል። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወጥቶ መሰረዙን እናስታውሳለን። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ተማሪው ከቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲፈተን ተደረገ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። እርግጥ ነው፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ መጽሐፍ በጠፋበት፣ መምህር ባነሰበት ትምህርት ቤት የተማረን ልጅ «ኮራጅ ነህ» ብሎ መገላገል ግፍ ነው። ግን መኮረጁ የሸፈነልንን ቀዳዳም አለመካድ ነው።

ልጆቹ እርዳታ መጠየቃቸው ክፉ አይደለም። ክፉው ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ «ሥራልኝ» ማለት አያሳፍርም፤ «አልገባኝም» ማለት ግን ያሳፍራል። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ያለ ልጅ ይሳቅበታል። አንዳንዱ መምህርም «ይሄማ የስምንተኛ ክፍል ነው!» ብሎ አፉን ያስይዘዋል። ቤት ሲመጣ አባትና አጎት ማስረዳት አያውቁበትም፤ ወይ ይቆጡታል፣ ወይ እንደ እኔ ሠርተው ይሰጡታል። ታዲያ ልጁ ወደ ስልኩ ቢሸሽ ምን ይገርማል? ስልኩ ቢያንስ አይስቅበትም።

በሁለተኛው ሴሚስተር ልጁ ካልኩለስ ይዞ መጣ። አሁን እርሳሱን እሱ ያዘ። ጥያቄው 5 ሜትር መሰላል ግድግዳ ተደግፎ፣ ግርጌው በሰከንድ 1 ሜትር ከግድግዳው ይርቃል፤ ግርጌው 3 ሜትር ላይ ሲደርስ አናቱ በምን ፍጥነት ይወርዳል የሚል ነው። ልጁ ገና ከመጀመሩ 3ን አስገባ፤ ከፍታው 4 ሜትር ሆነለት። ከዚያ 4ን ዲፈረንሺየት አደረገ።

«ዜሮ ነው፣ ጋሼ።»

«ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው?»

«አናቱ... አይወርድም።»

«ግርጌው እየሸሸ?»

ዝም አለ። ተነሥቼ የመወልወያውን እንጨት ግድግዳ አስደገፍኩና ግርጌውን ቀስ እያልኩ ሳብኩት። እንጨቱን አየ፤ ወረቀቱን አየ። ቆይቶ «ቁጥሩን ቶሎ አስገብቼ መሰላሉን አቆምኩት!» ብሎ ሳቀ። ሁሉንም ሰረዘና ከፓይታጎረስ ጀመረ፤ መጀመሪያ ዲፈረንሺየት አደረገ፣ ቁጥሩን በመጨረሻ አስገባ። በሰከንድ 0.75 ሜትር።

ለአንዲት ጥያቄ አርባ ደቂቃ ፈጀን። ያን ቅዳሜ በአንድ ሌሊት አሥር ጥያቄ ሠርቼ አንድም አላስተማርኩትም ነበር። ማስረዳት አድካሚ ነው፤ ሠርቶ መስጠት ይቀላል፤ አመስጋኙም ብዙ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ግን በከንቱ አይደለም።

ልጁ ካልኩለስን በሲ አለፈ። እህቴ «ሲ ብቻ?» ብላ ቅር አላት። እኔ ግን ምሳ ጋበዝኩት። ያቺ ሲ የራሱ ናት።