ስለ ጠጉር ሳሙና ዘፈን

ነጋዴ ዕቃውን ለመሸጥ መጮኹ አዲስ ነገር አይደለም። በገበያ ቀን ጨው ሻጩም ማር ሻጩም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ገዢውም ቀምሶ፥ ዳስሶ፥ ተከራክሮ ይገዛል። አሁን የምጽፈው ግን ስለ ሌላ ዐይነት ጥሪ ነው፤ ይኸውም በቴሌቪዥን ሻምፖ ሲሸጥ ከበስተኋላው ስለሚሰማው ሙዚቃ ነው። «ይህ ምን ቁም ነገር ሆኖ በምክር መጽሐፍ ይገባል?» የሚል ወጣት አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን እዚህ ቀየት፥ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ፥ የበግ እረኛ ዋሽንቱን ከብብቱ አውጥቶ የሳሙና ዜማ ሲነፋ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ነገሩ ቀላል ሆኖ አልታየኝም።

በዚህ ሥራ እጅግ ከሠለጠኑት አገሮች አንዷ ጃፓን ናት። በዚያ አገር የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የታየው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ሲሆን የተዋወቀውም ሰዓት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያና ዘፈን እንደ ባልና ሚስት ተጋቡ፤ ዘፈኑ ለማስታወቂያው ይሰጣል፥ ሕዝቡ በቴሌቪዥን እየሰማ ይለምደዋል፥ ቀጥሎም ዘፈኑ ለብቻው ይሸጣል። እንደዚሁ በፈረንጆች 2006 ሺሴይዶ የሚባለው ኩባንያ ጹባኪ የተሰኘውን ሻምፖ ባወጣ ጊዜ፥ ስማፕ የሚባሉት አምስት ዘፋኞች «ዲር ዉማን» የተባለውን ዘፈን ዘፈኑለት። የማስታወቂያው መልእክት የጃፓን ሴት ውብ ናት የሚል ነበር። ጹባኪ ማለት አበባው ያማረ የጃፓን ዛፍ ነው፤ ከፍሬው የሚጨመቀውን ዘይት የዚያ አገር ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ጠጉራቸውን ይቀቡታል፥ ልክ የእኛ እናቶች ለጋ ቅቤ እንደሚቀቡት።

ነጋዴውን ማመስገኔ አይደለም። ነጋዴ ነጋዴ ነው፤ ዘፈኑም የተዘፈነው ጠርሙሱ እንዲሸጥ ነው። ነገር ግን ከአያት ዘይት ተነሥቶ የአገሩን ልጅ ያለሽው መልክ ያምራል ማለቱን ልብ በሉ። ደግሞም በጃፓን ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የዘፈኑና የዘፋኙ ስም በደቃቅ ፊደል ከመስኮቱ ጥግ ይጻፋል። በእኛ ዘንድ፥ እኔ ካየኋቸው ውስጥ፥ ማሲንቆውን የመታው ሰው ማን እንደ ሆነ የሚናገር አላገኘሁም።

የእኛ አገር ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ካየኋቸው ማስታወቂያዎች አንዱን፥ የድርጅቱን ስም ሳልጠራ፥ ልግለጽላችሁ። ማሲንቆ በትዝታ ቅኝት ይጀምራል፤ አንዲት ባልቴት በደጃፍ ተቀምጣ የልጅ ልጅዋን ሹሩባ ትሠራለች። ዜማው ገና ልብን መንካት ሲጀምር ማሲንቆው ይቆረጥና የመኪና ከበሮ ይገባል፤ ልጅቱም ከተማ ውስጥ ቆማ፥ እንደ ፈረስ ጭራ የተለቀቀ ልስልስ ጠጉር ታወዛውዛለች። ባልቴቲቱ ተመልሳ አትታይም። ትዝታ የሚዜመው ለናፈቁት ነገር ነበር፤ እዚህ ግን ለተናቀ ነገር ተዜመ። ከሁሉ ይልቅ የከፋኝ ይህ ነው። የሙዚቃው አሠራርም ደካማ ነው። ትዝታ በአምስት ድምፅ የቆመ፥ ዘፋኙ እያንዳንዱን ድምፅ እያባበለ፥ እየደጋገመ የሚሄድበት ስለ ሆነ ጊዜ ይፈልጋል። እነርሱ ግን ቸኩለው ከመቁረጣቸውም በላይ፥ ከሥር በሚመታው ኪቦርድ በቅኝቱ ውስጥ የሌሉትን አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ጨመሩበት፤ ውሃ እንደ በዛበት ወጥ ሆነ።

የሚሲዮን መምህሮቼ በልጅነቴ ኦርጋን ስላስተማሩኝ ቅኝቶቻችንን በጣቴ እየፈለግሁ እመታ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ የጃፓንን ሙዚቃ ስሰማ ጣቶቼ መንገዱን ያውቁት ነበር። አምባሰል፥ ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ ግማሽ እርምጃ ብቻ የሚሄደው፥ ጃፓኖች በኮቶና በሻሚሰን ከሚጫወቱባቸው የጥንት ቅኝቶች ከአንዱ ጋር በድምፆቹ አንድ ነው። ባቲ ደግሞ በደቡብ ደሴቶቻቸው፥ በኦኪናዋ፥ ከሚዘፈንበት ቅኝት ጋር ይገጥማል። ለአንቺሆዬ ግን እዚያ ያገኘሁለት ወንድም የለም። በኮርያ ዘመቻ ምክንያት የእኛ ወታደሮች ጃፓንን አይተው ተመልሰዋል፤ ጥላሁን ገሠሠም «ጃፓኗን ወድጄ» ብሎ ዘፍኗል። ይህን ሁሉ የምለው «ዲር ዉማን» በጥንት ቅኝት ተደርሷል ለማለት አይደለም፤ እርሱ የዘመኑ ዘፈን ነው። የዜማ ድህነት እንደሌለብን ለማሳየት ነው እንጂ።

«አዝማሪስ በገንዘብ ያመሰግን የለምን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ያመሰግናል። ነገር ግን የሚያመሰግነው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ ያ ሰው ንፉግ ቢሆን አዝማሪው በሰሙ አመስግኖ በወርቁ ይሰድበዋል፤ አድማጩም ግጥም አቀብሎ የልቡን ያስብላል። በማስታወቂያው ውስጥ ወርቅ የሚደበቅበት ስፍራ የለም፤ ከፋዩ ቃሉን ሁሉ አስቀድሞ አንብቦታል። ጠርሙስም አይሰደብም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ መልካም አደረገ። ለሻምፖ ዘፈን እንዲህ ያለ ዐዋጅ አልመኝም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት ዐዋጅም ደራሲውን በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል፤ ትዝታ ግን ደራሲው ያልታወቀ የሁላችን ቅርስ ስለ ሆነ ዳኛ ፊት ቆሞ የሚከራከርለት ባለቤት የለውም።

ከጎረቤት ልጆች ጋር አንድ ሙከራ አደረግን። መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግተን ተመለከትን፤ ውሃ፥ ጠርሙስና አንገቷን የምታዞር ሴት ብቻ አየን፤ ልጆቹም ሣቁ። ቀጥሎ ዐይናችንን ጨፍነን ሰማን። ከልጆቹ አንዷ ስለ እናት የሚዘፍን መሰላት። ማሲንቆው በተቋረጠ ጊዜ «ቀሪውስ የት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተነሥቼ ከሣጥኔ ካሴት አወጣሁና ሙሉውን ትዝታ አሰማኋቸው።