የሳንባ መለኪያው ስለ ዘር ለምን ይጠይቃል?

ሳርኮይዶሲስ የሚባል በሽታ አለ። የሰውነት የመከላከያ ሴሎች ይቆጡና ተሰባስበው ግራኑሎማ የሚባሉ ጥቃቅን እብጠቶችን ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳንባ ውስጥ። ስለ በሽታው ማንበብ ስትጀምሩ ቶሎ የምታገኙት ዓረፍተ ነገር «በጥቁሮች ላይ ይበረታል» የሚል ነው።

ውሸት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ከነጮች በብዛት ይያዛሉ፤ በሽታውም ብዙ ጊዜ ይቆይባቸዋል፣ ወደ ዓይንና ወደ ቆዳም ይዛመታል። አሁን ስዊድንን እዩ። እዚያም በሽታው የተለመደ ነው። ቀላል የማይባሉ ታማሚዎች ግን የሚይዛቸው ሎፍግሬን ሲንድሮም የተባለው ዓይነት ነው፦ ትኩሳት፣ የቁርጭምጭሚት እብጠት፣ እግር ላይ የሚያም ቀይ እባጭ። ከእነሱም አንድ የታወቀ የመከላከያ ዘረ መል ያላቸው አብዛኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ይድናሉ።

ልብ በሉ፤ ለስዊድናዊው «ነጭ ስለሆነ ዳነ» አልተባለም፣ ዘረ መሉ ተፈለገ። ጥቁሩ ጋ ስንደርስ ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙ ራሱ መልስ ይሆናል። የጤና መድን ነበረው? ሐኪም ዘንድ የደረሰው መቼ ነው? የሚተነፍሰው ምን ዓይነት አየር ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይነሱ ይቀራሉ።

እኔ ደግሞ ኢንጂነሪንግ ስላጠናሁ ይበልጥ የሚከነክነኝ ቀለም መለኪያው ውስጥ መግባቱ ነው። ስፓይሮሜትር የምታስወጡትን አየር ለክቶ፣ በዕድሜያችሁ፣ በፆታችሁና በቁመታችሁ ከሚጠበቀው ጋር ያነጻጽራል። አሜሪካ ውስጥ ግን ለአሥርት ዓመታት ዘርም ይጨመር ነበር፦ ለጥቁር ሰው የሚጠበቀው መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀነሳል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ የባርነት ደጋፊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በዚሁ መሣሪያ የጥቁሮች ሳንባ ደካማ ነው እያለ ይከራከር ነበር።

እስቲ አብረን እናስላ። በዕድሜ፣ በፆታና በቁመት እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 3 ሊትር አየር አወጡ እንበል። ለነጩ የሚጠበቀው 4 ሊትር ከሆነ ውጤቱ 75 በመቶ ነው፤ «ሳንባህ ይመርመር» ይባላል። ለጥቁሩ 15 በመቶ ሲቀነስ የሚጠበቀው 3.4 ሊትር ይሆናል፤ ውጤቱ 88 በመቶ። «ደህና ነህ፣ ሂድ!» ትንፋሹ ያው፣ መሣሪያውም ያው። የተለየው ቅጹ ላይ የተሞላው ቃል ብቻ ነው።

ነገሩ የሩቅ እንዳይመስላችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አበሻም ያው ቅጽ ላይ «ጥቁር» ተብሎ ነው የሚሞላው፤ የዘር ሐረጉ ከየት እንደሚመዘዝ የሚጠይቅ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካን ቶራሲክ ሶሳይቲ የተባለው የሳንባ ባለሙያዎች ማኅበር ዘር የማይጠይቅ ቀመር እንዲሠራበት መክሯል። ጥሩ ነው፤ ግን ቀመር መቀየር ብቻውን ዘግይቶ የሚታከመውን ሰው ቀድሞ ሐኪም ዘንድ አያደርሰውም። ስለዚህ «ይህ በሽታ በእነ እገሌ ላይ ይበረታል» የሚል ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በምን ተለካ? የሚበረታውስ በየት በኩል አልፎ ነው?