ትርፌ በመቱ፦ ሰብለ ተፈራና የቤት ሠራተኛዋ ሚና በቴሌቪዥን ኮሜዲያችን

ስለ ተዋናይቷ ሰብለ ተፈራ ከተጻፈው አብዛኛው ስንብት ነው። መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በመኪና አደጋ ሕይወቷ ሲያልፍ ዕድሜዋ አርባ አፋፍ ላይ ነበር። ሞቱ ድንገተኛ ስለነበረ የተባለላትም የሐዘን ቃል ሆነ፤ ተጫዋች ነበረች፣ አሳቂ ነበረች፣ ሰው ይወዳት ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ሥራዋን እንደ ሥራ አንሥቶ ምን ሠራች፣ እንዴት ሠራችው፣ ለማንስ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍ ይገባት ነበር። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን የሚያነሣው ከኢሉባቦሯ መቱ ሆኖ ነው። ኮሜዲ በተሠራበት ሰፈር ብዙም አይፈተንም። አዲስ አበባ በአዲስ አበባ ቀልድ ቢስቅ አይደንቅም። ከመዲናዋ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቡና ሲለቅም ውሎ፣ ቀኑን ሙሉ በአፋን ኦሮሞ ሲያወራ ቆይቶ ማታ ሳሎኑ የገባ ቤተሰብ ሲስቅ ግን ተዋናይቷ ከቃሉ አልፋ የሠራችው ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን ለመመዘን ከሥሩ ልጀምር፤ ቲያትራችን ራሱ የተወለደው በሳቅ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» በእንስሳት አንደበት ሹማምንቱን የሚተች ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንዳይታይ ታገደ። ከዚያ በኋላ ቲያትሩ ሲያንሰራራ፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሲጠናከር፣ የሴቶቹን ሚና የሴት ልብስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ ሰው ማሳቋ ቀርቶ መታየቷም ነውር ነበር። አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ይህን አጥር ጥሳ ስትገባ ተዋናይትን ከመጠጥ ቤት ሴት ለይቶ የማያይ ሕዝብ ነው የጠበቃት። ወንድ ሴት ሆኖ ሲጫወት ተመልካች የሚስቀው በማስመሰሉ ጉድለት ነው፤ ሪዙ፣ እርምጃው፣ የተቀጠነ ድምፁ ያስቃል። ሴቷ ራሷ ስትመጣ ግን ያ ሳቅ አብሮ ጠፋ፤ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነበረበት።

በ1950ዎቹ መንግሥቱ ለማ ምንጩን ከቤት ውስጥ አወጣው። «ያላቻ ጋብቻ» የተማረ የመኳንንት ልጅ ከቤት ሠራተኛው ጋር በሚመሠርተው ጋብቻ ዙሪያ የሚነሣ ትርምስ ነው። ተውኔቱን እጅግ አከብረዋለሁ፤ የኑሮ ልዩነትን ያህል ከባድ ጉዳይ በሳቅ ማንሣት ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል። ሆኖም እዚያ ሠራተኛዋ የክርክሩ ርእስ እንጂ ዋና ተከራካሪ አይደለችም። ባላባቱና ምሁሩ ስለ እሷ ይሟገታሉ። እሷ ስለ እነሱ ምን ታስባለች? ይህን ጥያቄ የመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው።

ያ ኮሜዲ ከመድረሱ አስቀድሞ ኢሉባቦር ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ድምፅ መከታተል የጀመረው በሬዲዮ ነው። ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ጋር አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ለምዕራቡ ሰው ወሬ ብቻ ነበር። ሬዲዮ ግን መጣ፤ እንዲያውም የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ መቱ ላይ ተተከለና በ684 ኪሎ ኸርዝ ምዕራቡን ያዳርስ ጀመር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» በአማርኛ 257 ክፍል፣ «ድምቢባ» በአፋን ኦሮሞ 140 ክፍል ሲተላለፉ ሰዉ ገጸ ባሕርያትን እንደ ጎረቤቱ መከታተል ለመደ። በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎችም በዚሁ አካባቢ ሌላ የአማርኛ ለዛ ይዘው ኖረዋል። ስለዚህ የመቱ፣ የጎሬ፣ የያዮና የበደሌ ተመልካች ዲሽ ሰቅሎ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ ጆሮው ብዙ ድምፅ የለየ ተመልካች ነበር።

እግረ መንገድ አንድ ነገር ላንሣ። መቱ የቴሌቪዥን መዝናኛ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በሆስፒታሏ ስም ታውቃለች። መቱ ካርል ሆስፒታል የሚጠራው በተዋናዩ በካርልሃይንዝ በም ስም ነው፤ በአውሮፓ ፊልም ንጉሠ ነገሥት ሆኖ በመጫወት የታወቀ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርቦ ተመልካቹን ገንዘብ አስዋጣ፤ ከዚያም ትወናውን ትቶ «ሰዎች ለሰዎች»ን አቋቋመ፣ ድርጅቱም ከሐረርጌ ቀጥሎ በኢሉባቦር ሠራ። መዝናኛ ቁም ነገር አይደለም የሚል ተቺ ይህን ሆስፒታል ቢያየው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ትርፌ ልምጣ። «ቤቶች» የጥላሁን ጉግሳ ተከታታይ ኮሜዲ ነው፤ ሰብለ በውስጡ የቤት ሠራተኛዋን ትርፌን ትጫወታለች። በአንድ ቤት ዙሪያ የሚዞር ኮሜዲ ሠራተኛ ከሌለችው መንቀሳቀስ ያቅተዋል። በር የምትከፍት እሷ ናት። እንግዳው ማን እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ዘይቱ መቼ እንዳለቀ፣ ለማን ስንት ብር እንደተበደሩ ቀድማ የምታውቅ እሷ ናት። ባለቤቶቹ የቤቱን አንድ አንድ ክፍል ያውቃሉ፤ እሷ ሳሎኑንም ጓዳውንም ታውቃለች። የሰብለ ትልቁ ሥራ ይህን የእውቀት ብልጫ በግልጽ ማሳየቷ ይመስለኛል። ሳቋን የምታመጣው ራሷ በምትናገረው ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሲናገር ፊቷ ላይ በሚሆነው ነገር ነው። ዓይኗ ይሰማል፣ ከንፈሯ ይፈርዳል፣ ከዚያ አፏ ሌላ ነገር ይላል። ቀልድ ነጋሪዎቻችን፣ እነ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ በቃል ጨዋታና በሰላ አንደበት ዘመን አሻግረዋል፤ የእነሱ ሳቅ ግን አማርኛውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ጆሮ ይፈልጋል። ሰብለ ፊቷንና ሰውነቷን ስለጨመረችበት አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰውም ሳቁ አያመልጠውም።

መቱ ውስጥ አንድ መምህር ቤት ያየሁትን ልጥቀስ። ማታ ነው፣ ቡና ተፈልቷል። የምታፈላው ልጅ ከገጠር የመጣች የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ረከቦቱን በሳሎኑና በጓዳው መሐል ካለው በር ጥግ አድርጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ቴሌቪዥኑን የምታየው በጎን ነው። ትርፌ ለእመቤቷ አንድ ኃይለኛ መልስ መለሰችና ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም። መጀመሪያ ያየችው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የቤቱን እመቤት ፊት ነበር። እመቤቷ ስቃ ስትጨርስ ወደ እሷ ዞር ብላ «አየሻት? እንዳንቺው እኮ ናት» አለቻት። ልጅቷ በሻርፗ አፏን ሸፍና ሳቀችና «እሷማ ደፋር ናት እትዬ» አለች፣ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች።

ለእኔ የትርፌ ትርጉም በዚያ መልስ ውስጥ ነው። ኮሜዲው እውነተኛው ቤት ውስጥ የማይፈቀደውን ድፍረት ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን ለቴሌቪዥኗ ሠራተኛ ነው፤ በር ጥግ ለተቀመጠችው ገና አልደረሳትም። ሳቁ አሠሪዋን ያስታርቃል ወይስ ይወቅሳል? እኔ ሁለቱንም ያደርጋል ባይ ነኝ። እመቤቷ የሳቀችው ራሷን ስላየች ነው፤ የሚያዋርዳት ስላልመሰላት ደግሞ ሳትቆጣ አየች። ሰብለ ትርፌን ምስኪን አድርጋ አስለቅሳን ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ጣቢያ ይቀይር ነበር። ብልጥ፣ ተናጋሪ፣ አንዳንዴም ጥፋተኛ ስላደረገቻት በየሳሎኑ ተቀባይነት አገኘች።

ሕጉ ለዚህች ሴት ያደረገው ከኮሜዲው ያነሰ ነው። «ቤቶች» በሚተላለፍበት ዘመን ሥራ ላይ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ ጉዳዩን ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶት ነበር። የሥራ ሰዓቷ፣ ዕረፍቷ፣ ስንብቷ በእትዬና በጋሼ ፈቃድ ሥር ነው። ሥራ የሚያገናኛት ደላላ ነው፤ ስትጣላ የሚዳኛት የለም። በየሳምንቱ በየቤቱ የሚታይ አንድ ገጸ ባሕርይ ከሕጉ በፊት «ይህችም በቤቱ ውስጥ አለች» ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም።

የሠራተኛ ሚና ለተዋናይት መክፈቻም መዝጊያም መሆኑን ሌላው ዓለም ቀድሞ አይቶታል። አሜሪካዊቷ ሃቲ ማክዳንኤል የቤት አገልጋይ ሆና በተጫወተችው ሚና እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር ስትቀበል ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይት ነበረች። ከዚያ ግን ሆሊውድ ሌላ በር አልከፈተላትም፤ በኋላም ቡላ የምትባል አገልጋይ ሆና በሬዲዮ ኮሜዲ ነገሠች። ከወገኖቿ መካከል ይህን ሚና በመቀበሏ የነቀፏት ጥቂት አልነበሩም። የእኛው ጉዳይ የዘር ግድግዳ የለበትም፤ የመደብና የአገር ቤት ግድግዳ ግን አለበት። የሰብለንም ሥራ ስንመዝን ያንኑ ጥያቄ መሸሽ አንችልም፤ ይህን ያህል ችሎታ የነበራት ሴት የቤቱ እመቤት፣ ዳኛ፣ ነጋዴ ሆና ብታስቀን ምን ታደርግ ነበር?

ሕዝብ እሷን የሚጠራበት ሌላው ስም መልሱን በከፊል ይሰጣል፤ አሮጊት ሆና የተጫወተቻት እማማ ጨቤ። ወጣት ሴት አሮጊት ሆና ስትጫወት ምን ታተርፋለች? በእኛ ባህል ባልቴት የፈለገችውን ትናገራለች። ባለሥልጣኑን «አንተ ልጅ» ትለዋለች፣ ሙሽሪትን ትመክራለች፣ ስለ አልጋም ስለ ኪስም ታወራለች፤ ማንም አይቆጣትም። የሠላሳ ዓመት ሴት ይህንኑ ብትናገር ባለጌ ትባላለች። እንግዲህ የሰብለ ሁለት ታዋቂ ገጽታዎች አንዷ በደረጃ ከቤቱ በታች ናት፣ ሌላዋ በዕድሜ ከሁሉ በላይ። ሁለቱም ለሴት የመናገር ፈቃድ የሚገኝባቸው ዳርቻዎች ናቸው። መሐሉ፣ ማለትም በራሷ ዕድሜና በራሷ ስም ቆማ የምታስቅ ሴት፣ በኮሜዲያችን ባዶ ነው። የሰብለ ሥራ ያስደስተኛል፤ ይህ ባዶነት ግን ያስቆጨኛል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የሚጻፍላትን ነበር የምትጫወተው፤ የሚጻፈውም አብዛኛው በወንድ እጅ ነበር።

አንድ ቅሬታ ከኢሉባቦር ወገን መነሣት አለበት። የአማርኛ ኮሜዲ በአነጋገር ዘዬ መሳቅን ለረጅም ጊዜ እንደ ቀላል ሲሳይ ይዞታል። የጉራጌው ነጋዴ፣ የኦሮሞው ዘበኛ፣ የጎጃሟ ሠራተኛ በዘዬያቸው ብቻ ሳቅ ያስነሣሉ። መቱ ላይ ሆኖ ይህን የሚሰማ ሰው የራሱ አማርኛ እንደ ቀልድ ሲሸጥ ነው የሚሰማው። ከላይ የጠቀስኳት ልጅ አፏን የሸፈነችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን እንደሚችል አስባለሁ። የሠራተኛ ሚና ከዚህ ወጥመድ ፈጽሞ ነፃ አይሆንም። ሆኖም ሳቁ የተናጋሪዋን ስሕተት ሲከተልና የተናጋሪዋን ብልጠት ሲከተል ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ትርፌ ጎልታ የወጣችው ሳቁ ብልጠቷን በተከተለባቸው ጊዜያት ነው።

ሰብለ ባረፈችበት በዚያው 2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ መጣ። የመቱም ሳሎን ምሽቱን ለኢስታንቡል ሰጠ። እዚያም ቤት ሠራተኛ አለች፤ ነገር ግን ቤቱ የእኛ አይደለም፣ ረከቦት የለም፣ ዘይት አያልቅም። የአማርኛ ተዋናዮች በርካታ ሥራ አገኙ፣ ግን ድምፃቸውን ብቻ ሸጠው፤ ሰብለ የኖረችበት ጥበብ፣ ሌላው ሲናገር ፊት ላይ የሚሆነው፣ ለሌላ አገር ተዋናይት ተተወ። በአንጻሩ በአፋን ኦሮሞ የሚሠሩ ተከታታይ ድራማዎችና ጭውውቶች እየበዙ መጥተዋል። እነዚህ ሥራዎች ሠራተኛዋን ከአዲስ አበባው ልማድ ይቀዷታል ወይስ ከመቱና ከጎሬ ጓዳ አዲስ አድርገው ያወጧታል የሚለው ጥያቄ ለእኔ ዋናው ነው።

ለዚያ ደግሞ ቀድሞ የተሠራው በእጅ መኖር አለበት። ዛሬ አንድ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በትርፌ ላይ ልሥራ ቢል የሚያገኘው በኢንተርኔት የተበታተነ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የተቆረጠ ቁራጭ ነው። የሚያስፈልገው ክፍሎቹ በተላለፉበት ቅደም ተከተል፣ ከነጸሐፊያቸውና ከነአዘጋጃቸው ስም፣ ከተቻለም ሰብለ እጅ ላይ ከነበረው ጽሑፍ ጋር ተቀምጠው ነው፤ ከተጻፈላት ምን ያህሉን እንዳለች፣ ከራሷም ምን እንደጨመረች የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ቀረጻው ያለበት ጣቢያ፣ ጽሑፉ ያለበት ቤት፣ አብረዋት የሠሩ ሰዎችም ዛሬ አሉ።