ከእርሳስ በፊት ጭቃ

ካሪካቸር፣ ማለትም የሰውን መልክና አኳኋን አጉልቶ በማሳየት የሚተች ሥዕል፣ አፍንጫ በማስረዘምና አገጭ በማስፋት ብቻ የሚሠራ ይመስል ጀማሪዎች ከፎቶግራፍ እየገለበጡ ይለማመዱታል። ይህ ዘዴ መልክን ቢያስገኝም ሰውየውን አያስገኝም፤ ለዚህም ከፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶሚዬ (እ.ኤ.አ. 1808–1879) ሥራዎች የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ዶሚዬ ለሻርል ፊሊፖን ጋዜጦች የምክር ቤት አባላትን ሲሥል ጭንቅላታቸውን በጭቃ ያበጅ ነበር። ሳይተኮሱ ቀለም ከተቀቡት ከእነዚህ ትንንሽ ምስሎች 36ቱ ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛሉ። ሠዓሊው በወቅቱ ይሠራ የነበረው በሊቶግራፍ ሲሆን፣ ይህም በኖራ ድንጋይ ላይ በቅባት እርሳስ ተሥሎ፣ ቅባትና ውሃ ስለማይዋሐዱ ቀለሙ በሥዕሉ ላይ ብቻ እየተያዘ የሚታተምበት ዘዴ ነው። በድንጋዩ ላይ የተሣለው ግራ ቀኙ ተገልብጦ ስለሚታተም፣ ፊትን ከአንድ ወገን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይደናገራል፤ የጉንጩን ሥጋና የማጅራቱን ውፍረት በጣቱ ያወቀ ግን ጭንቅላቱን ወደፈለገው አቅጣጫ ያዞረዋል።

ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የገንዘብ ከረጢት የሚውጥ ግዙፍ ፍጡር አድርጎ ያሳየው የ1831ዱ «ጋርጋንቱዋ» ዶሚዬን የስድስት ወር እስራት አስፈርዶበታል፤ ዝናውም የሚነሣው በዚሁ ነው። ይሁንና ችሎታው ይበልጥ የሚለካው ምንም ባላጋነነበት «ትራንስኖኔን ጎዳና» በተባለው ሥዕል ነው። ወታደሮች በሚያዝያ 1834 በአንድ የፓሪስ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎችን ከገደሉ በኋላ፣ ዶሚዬ የሣለው የሌሊት ልብስ የለበሰ ሬሳ ከአልጋው አጠገብ ተዘርግቶ፣ ከበታቹ ደግሞ ሕፃን ተጨፍልቆ ነው። ገዳይ አይታይም፣ የሚያስቅም ነገር የለም፤ የሬሳው ክብደት ብቻ አለ። በመስከረም 1835 የወጣው ሕግ ሥዕሎች ሳይታተሙ በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅባቸው ሲያስገድድ፣ ጽሑፍን ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ መተዉ መንግሥት የትኛውን ይበልጥ ይፈራ እንደነበር ያሳያል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ጭቃ የጀመረው ዘግይቶ፣ ያውም ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። በእርሳስ ሲጀምር ንዴቱ ይቀድመው የነበረ ሰው፣ ጭቃውን ሲያድቦለብል የሚሣለቅበትን ሹም ዕድሜና ድካም ጭምር ማስተዋል ያዘ፤ ዛሬ የብዙዎቹ መልክ ከአእምሮው ቢጠፋም፣ ያበጃቸውን የጥቂቶቹን ማጅራት ጣቶቹ አልረሱትም።