ብርሃን የጻፈውን ብርሃን ሲፍቅ

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአይከል ከተማ ልብሱን አጥቦ የሚያሰጣ ሰው ሁሉ ፀሐይ ቀለምን እንደምትበላ ያውቃል። ነገር ግን ይኸው ጉዳት የሥዕል መሣሪያ ሊሆን መቻሉን ያሰቡት ጥቂቶች ናቸው። የእንግሊዙ የከዋክብት ሊቅ ጆን ሄርሸል የብዙ አበቦችን ጭማቂ በፀሐይ መርምሮ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. ውጤቱን ለአገሩ የሊቃውንት ማኅበር አቀረበ። ሥራው ዛሬ አንቶታይፕ ይባላል፤ ትርጓሜውም የአበባ ኅትመት ማለት ነው።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። አበባው ወይም ቅጠሉ ይወቀጣል፤ ጭማቂው በጨርቅ ተጠልሎ በወረቀት ላይ ደጋግሞ ይቀባና በጨለማ ይደርቃል። ከዚያም ቅጠል፣ ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ላይ የታተመ ፎቶግራፍ ተደርጎበት በመስተዋት ተጭኖ ለፀሐይ ይሰጣል። ብርሃን ያገኘው ስፍራ ይነጣል፤ የተሸፈነው ቀለሙን ይዞ ይቀራል። በጠንካራ አረቄ የተበጠበጠ እርድ በብርቱ ፀሐይ በሰዓቶች ውስጥ ሊሣል ሲችል፣ ብዙው አበባ ግን ቀናትን፣ አንዳንዱም ሳምንታትን ይፈልጋል።

ሥራውን የሚወዱ ሰዎች መርዝ የለበትም፣ ውድ ዕቃም አይሻም፣ ልጅ እንኳ ከጓሮ በቀጠፈው አበባ ይሠራዋል እያሉ ያመሰግኑታል። ምስጋናው እውነት ነው። የፎቶግራፍን ቦታ ይተካል የተባለ እንደ ሆነ ግን ፍርዱ ይለወጣል። በብር ጨው በሚሠራው ፎቶግራፍ፣ ብርሃን ያልነካው ጨው በመድኃኒት ታጥቦ ስለሚወጣ ሥዕሉ ጸንቶ ይኖራል። የዚያን መድኃኒት ኃይል በ1819 ዓ.ም. አስቀድሞ የገለጠው ራሱ ሄርሸል ነበረ፤ ለአበባው ግን ማጽኛ አላገኘለትም። በአበባ ኅትመት መልኩን የሚያሳየው ቀለምና በብርሃን የሚጠፋው ቀለም አንድ ነውና፣ አጥበው የሚያስወጡት ነገር የለም። በግድግዳ የተሰቀለ እንደ ሆነ፣ የሣለው ብርሃን ቀስ በቀስ ይፍቀዋል።

ይህን ድካም ለቁም ነገር ያዋለው በቬትናም ተወልዶ በአሜሪካ የሚሠራው ቢን ዳን ነው። እርሱ የቬትናምን ጦርነት ፎቶግራፎች በአረንጓዴ ቅጠል ላይ በፀሐይ እያተመ፣ ቅጠሉን እንደ መስተዋት በሚያሳይ ሙጫ ውስጥ ያኖረዋል። የሥራው ብርታት ከእጅ ብልኀት ብቻ የመጣ አይደለም፤ በጦርነት የጠፋ ሰው መልክ፣ ራሱ በሚረግፍ ቅጠል ላይ በመታየቱ ነው። መልኩና ማደሪያው አንድ ነገር ይናገራሉ። ለጌጥ ብቻ በአበባ ጭማቂ ላይ የታተመ መልክ ግን ይህ ምክንያት ስለሌለው፣ ዓይንን አስደስቶ ልብን ባዶ ይተዋል።

የአበባው ኅትመት ለአገራችን የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ ይሰፋል። በብዙ የብራና መጻሕፍት በሥዕሉ ገጽ ላይ መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ተሰፍቶ ይገኛል። መጋረጃው የክብር ምልክት ቢሆንም ለቀለሙ ጥላ ሆኖታል። ከጥላሸት የተዘጋጀው ጥቁር ቀለም ብርሃንን ይችላል፤ ከተክል የተገኘው ግን ብዙውን ጊዜ አይችልም። እንግዲህ እንግዳን ለማስደሰት ብራናውን በጠራራ ፀሐይ ገልጦ የሚያቆይ ሰው፣ ሳያውቀው የአበባ ኅትመት ይሠራል፤ ልዩነቱ የሚነጣው ወረቀት መተኪያ የሌለው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ይህ ጥበብ የአባቶችን መልክ ለማስቀመጥ አይታመንም፤ ለትምህርት ግን እጅግ ይበጃል። በአይከል ያለ ተማሪ በእርድ በተቀባ ወረቀት ላይ አንዲት ቅጠል አኑሮ በፀሐይ ቢያውለው፣ ማታ ቅጠሏን ሲያነሣ ሁለት ነገር ያያል፤ ብርሃን ሠዓሊ መሆኑን፣ ጥላም ጠባቂ መሆኑን።